የፓንዳዋ መርዶ

እኔ ተጠራጣሪ ሴት ነኝ፤ አልክድም። ዕድሜዬን ፍኖተ ሰላም ላይ ሳስተምር ነው የኖርኩት። "ቲቸር፣ ደብተሬን ጥጃ በላብኝ" ያለኝን ልጅ ሁሉ አምኜ ቢሆን ኖሮ በዚህ ከተማ ፊደል የለየ ሰው ባልተገኘ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ስለዚህ ወንዱ ልጄ ለትምህርት ከሄደበት ከቻይና ያንን እንስሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርጾ ሲልክልኝ፣ አየት አደረግሁና ፍርዴን ሰጠሁ። "ይሄ ሰው ነው" አልኩ። "ቆዳ የለበሰ ሰው ነው።"

ምን ልበል ታዲያ? ግድግዳ ተደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ ሆዱ ላይ ቀርከሃ ከምሮ፣ አንድ አንዱን በእጁ እያነሳ ይበላል። ዓይኖቹ ዙሪያ ጥቁር፣ ጆሮዎቹ ጥቁር፣ ፊቱ ነጭ። ድግስ ቤት ጥግ ይዞ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው የሚመስለው።

"ፓንዳ ናት፣ እማዬ። የድብ ዘር ናት" አለኝ ልጄ በስልክ።

"ድብ ሥጋ አይደለም እንዴ የሚበላው? አፏን ስትከፍት አየሁ እኮ። ያ የሣር ጥርስ ነው?"

"ሥጋ ትታለች።"

"መቼ ነው የመነኮሰችው?"

እሱ ይስቃል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቀርከሃ የማውቀው እንጅባራ በኩል ሳልፍ አጥር ሲያጥሩበት፣ ወንበር ሲሠሩበት ነው። የሥጋ ጥርስ ይዞ አጥር የሚበላ ፍጥረት በእኔ ዘንድ አይታመንም።

ስሟንም ነግሮኝ ነበር፤ ምላሴ አልያዘውም። እኔ "ወይዘሮዋ" አልኳት፣ ሰፈሩም ተቀበለኝ። እዚያ አገር ከዘፋኝ ትበልጣለች አሉ። ሰው እሷን ለማየት ከማለዳ ጀምሮ ይሰለፋል። ፊቷ ያልታተመበት ኩባያና ቦርሳ የለም። ልደቷ ይከበራል፤ ኬኳ በረዶ ነው፣ ካሮትና ፖም የተሰካበት በረዶ። ልጄ የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ እሷ ካለችበት የአራዊት ግቢ አጠገብ ስለሆነ እሁድ እሁድ እየሄደ ይቀርጽና ይልክልኛል። እኛም ከቅዳሴ መልስ፣ እኔና ሴቷ ልጄ፣ አንዳንዴም ጎረቤት ተጨምሮ፣ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈን እናያለን።

እያየሁ እያየሁ ጠባይዋን አወቅሁት። ኩሩ ናት። ያ ሁሉ ሕዝብ ተሰልፎ ስሟን ሲጠራ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። አንዳንዴ ዘወር ብላ ታይና፣ "አሁንም አልሄዳችሁም?" እንዳለ ሰው ተመልሳ ትዞራለች። ያደረ ቀርከሃ ካቀረቡላት አሽትታ ትወረውረዋለች። ፖም ካየች ሌላው ሁሉ ይቅር ነው። ዝናብ አትወድም፤ ሲዘንብ የምትቆጣው ጠባቂዋን ነው፣ እሱ ያዘነበው ይመስል። ጠባቂዋ ራሰ በራ ጎልማሳ ነው። ግቢዋን ሊጠርግ ሲገባ መጥረጊያውን ትቀማዋለች። ሲታገላት ደግሞ እግሩን በሁለት እጇ አቅፋ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ እሱም አንድ እግሩን እየጎተተ ይዟት ይዞራል። "እንዲህ ያለች ምራት ብትመጣብኝ በነጋታው ነበር የምመልሳት" እላለሁ ለጎረቤቶቼ። እሷንም አላምናትም ነበር። ይሄን ሁሉ የምታደርገው ካሜራ ሲኖር ነው ባይ ነኝ። ልጄ "እማዬ፣ እንስሳ እኮ ናት" ይለኛል። እንስሳ ተንኮል አያውቅም ያለው ማነው? የጎረቤታችንን ፍየል ረሳት እንዴ!

እውነቱን ለመናገር ግን እኔን የያዘኝ የወይዘሮዋ ነገር አልነበረም። ከሥዕሉ ኋላ የልጄ ድምፅ አለ። "አሁን ተመልከቻት እማዬ፣ አሁን ልትወረውረው ነው" ይላል፤ ስትወረውረውም ይስቃል። ስደውልለት መልሱ ሁልጊዜ "ደህና ነኝ" ነው። ቢርበውም ደህና ነኝ፣ ቢያመውም ደህና ነኝ። ደህና ነኝን ማንም ይላል። ያ ሳቅ ግን ከሆዱ ነው የሚመጣው፤ እሱን ከሰማሁ ሳምንቱን እንቅልፍ ይወስደኛል።

አንድ እሁድ ቪዲዮው ቀረ።

"ኔትወርክ ነው" አለች ሴቷ ልጄ። ኔትወርክ እንደ እንግዳ ብቅ እያለ በሚጠፋበት አገር ይሄ የሚታመን ነገር ነውና ተቀበልኳት። በሚቀጥለውም እሁድ ቀረ። ልደውልለት ስል ስልኬ ቻርጅ የለውም። ቻርጀሩን ስፈልግ "ተበላሽቶ እንዲሠሩት ሰጥቻለሁ" ትለኛለች። ትናንት ደህና የነበረ ቻርጀር!

ከዚያ ልጅቷ በስልክ ስታወራ ጓሮ መውጣት ጀመረች። እኔ ስወጣ እሷ ትገባለች። አፏ የማይያዘው ጎረቤቴ እንኳ በበሬ ስታልፍ "እንዴት አደርሽ" ብላ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። በዚህ መሀል ታላቅ እህቴ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም፣ ሳይጠሯት ከተፍ አለች። ያውም ጤፍ በደረሰበት ሰሞን! "ናፍቀሽኝ ነው" አለችኝ። እህቴ በሕይወቷ ማንንም ናፍቃ አታውቅም።

ከሁሉ የባሰው ምግቡ ነው። በዓል የለ፣ ምን የለ፣ ዶሮ ሠሩልኝ። "ብዪ፣ ትንሽ ጨምሪ፣ ጉልበት ይሆንሻል" ይሉኛል። ጉልበቱ ለምኑ ነው የሚያስፈልገኝ? በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ እንዲበላ ይደረጋል፤ ከሰማ በኋላ እህል እንደማይቀምስ ይታወቃላ። እኔ ራሴ ስንቱን አብልቼ አስለቅሻለሁ። ሳህኑን ገፋሁት።

"ልጄ ምን ሆኗል?" አልኳቸው በግልጽ።

"ምን ይሆናል? ደህና ነው!" አሉኝ እህቴና ሴቷ ልጄ ባንድ አፍ። ባንድ አፍ መመለሳቸው ነው የገደለኝ።

በማግሥቱ ልጅቷ ስልኳን ይዛልኝ መጣች። "ይኸው፣ ዛሬ ላከልሽ" አለችኝ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። ወይዘሮዋ መጥረጊያ ስትቀማ ነው። ጠባቂዋ በሸሚዝ ነው፤ ግንባሩ ላይ ላብ ይታያል። ልጄ ከኋላ "ሙቀቱ ጨረሰን" ይላል። መጨረሻ ስንነጋገር ግን ብርድ ገብቶ ጃኬት መግዛቱን ነበር የነገረኝ።

"ይሄን አይቼዋለሁ" አልኳት።

"አይ እማዬ፣ ይመሳሰላል እንጂ..." አለችና ተነስታ ወጣች።

አዲስ ድምፅ ቢኖረው አሮጌውን ለምን ያሰሙኛል? ያን ጊዜ ልጄ እንደሞተ ቆረጥኩ። ባለቤቴም ሽንዲ ያለንን በቆሎ ላስሰብስብ ብሎ ከሄደ ሰንብቷል፤ እሱ ያለበት ገጠር ደግሞ ስልክ አይሠራም። እሱም ሰምቶ ነው የሸሸኝ አልኩ። መዋሸት አይችልበትማ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እያልኩ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። ልጠይቃቸውም ፈራሁ፤ ካልጠየቅሁ ልጄ አንድ ቀንም ቢሆን በሕይወት ይቆይልኛል ብዬ።

ጎህ ሲቀድ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። የንስሐ አባቴ ናቸው። ከኋላቸው ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ለካ ብርዱን ፈርተው ነው፤ ለእኔ የታየኝ ግን ለቀስተኛ ነው። አባ መስቀላቸውን አወጡና "ልጄ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን..." ሲሉ አላስጨረስኳቸውም። ጮህኩ። ልጄን በስሙ እየጠራሁ ደረቴን ደቃሁ፣ መሬት ላይ ወደቅሁ። የሰፈሩ ሴቶች ጩኸቴን ሰምተው ከየቤታቸው እየሮጡ ገቡ። ሰው ሲያለቅስ ቆሞ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ መጀመሪያ አብሮ ይለቀሳል። አንዷማ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ ሙሾ ማውጣት ጀመረች።

አባ መሀል ቆመው "ኧረ ዝም በሉ! እንስሳዋ ናት! የሞተችው እንስሳዋ ናት!" ይላሉ። ማን ይሰማቸዋል።

ኋላ እህቴ ትከሻዬን ይዛ ናጠችኝና ነገሩን በጆሮዬ ጮኸችልኝ። ወይዘሮዋ ታማ ሞታለች። ልጄ ለእህቱ "ለእማዬ ባንዴ እንዳትነግሪያት፣ ግፊቷ ይነሳባታል፣ ቀስ ብላችሁ ንገሯት" ብሎ ጽፎላት ኖሯል። እነሱ ደግሞ ቀስ ብሎ መንገር የሚያውቁት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ዘመድ መጥራት፣ ማብላት፣ ማለዳ ከካህን ጋር መምጣት።

አመንኩ? ምን ሲደረግ! በእኛ አገር ማን ነው መርዶን ባንዴ የሚናገር? መጀመሪያ "ትንሽ አሞታል" ይባላል፣ ከዚያ "ጠንቶበታል"፣ ከዚያ ይጮኻል። እነዚህም በድብ ጀምረው ወደ ልጄ ሊወስዱኝ ነው አልኩ። "ደውሉ! ድምፁን ካላሰማችሁኝ ከዚህ መሬት አልነሳም!"

ስልኩ ጠራ። ጠራ። አያነሳም። "እዚያ ረፋድ ነው፣ ክፍል ገብቶ ይሆናል" ትላለች ልጅቷ። እንደገና ጠራ፤ አያነሳም። ቤቱን የሞላው ሰው አየኝና ዓይኑን ሰበረ። እህቴ ራሷ፣ እውነቱን የምታውቀው፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። እሷም ፈራች። እሷ ስትፈራ እኔ አለቀልኝ።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

"እማዬ?" አለ። የራሱ ድምፅ ነው፤ ከክፍል ሮጦ ወጥቶ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ሙሾ አውጪዋ ገና የነገራት የለም፣ ከኋላዬ ታስለቅሳለች።

"እማዬ፣ ማነው የሚያለቅሰው? ማን ሞቶ ነው?"

"ማንም!" አልን ሁላችንም አንድ ላይ። "ሁላችንም ደህና ነን!"

የጎጃም ልጅ አይደል? ቤት ሙሉ ሰው እያለቀሰ ደህና ነን ሲል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በቀጭን ድምፅ "አባዬን አገናኙኝ" አለ።

"ሽንዲ ነው ልጄ፣ በቆሎ ሊያስሰብስብ፤ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም" አልኩት። ቃሉ ካፌ ሲወጣ ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

"ለፓንዳዋ እኮ ነው የምናለቅስ!" ጨመረች እህቴ፣ ልትረዳኝ ብላ።

ስልኩ ተቋረጠ። እሱ ይዝጋው፣ ኔትወርኩ ይጥፋ፣ አላወቅንም። ያን ዕለት ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ኔትወርክ ጠፍቶ ዋለ፤ ሳምንቱንም አልተመለሰ። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድም ተዘጋ። ወይዘሮዋን በወጉ ያለቀስኩላት በዚያ ሳምንት ነው። ልጅቷ ስልኳ ላይ ያስቀረችውን ፎቶ አሳየችኝ፤ የአራዊት ግቢው በር ላይ አበባ ተከምሯል፣ ራሰ በራው ጠባቂ መጥረጊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ባዶው ግቢ ውስጥ ተቀምጧል። ያን ሰው ሳይ አፈርኩ። ለካሜራ ነው ያልኩት ሁሉ ለሱ ኖሯል።

ባለቤቴ በቆሎውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ከሽንዲ ሲገባ የሆነውን ነገርነው። ሳቀ፤ ሳቁን ግን አልጨረሰውም። "ልጁ አሁን ሰው አገር ብቻውን እያለቀሰልኝ ነው ማለት ነው?" አለ። መንገድ ሲከፈት ባሕር ዳር ሄዶ ሊደውልለት ተስማማን። እስከዚያ ድረስ ቤት ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ አላወራም።

መንገዱ በተከፈተ ዕለት፣ ገና ባለቤቴ ለጉዞው ሳይነሳ በሩ ተንኳኳ። ግቢ ውስጥ በቆሎ ይፈለፍል ስለነበር እሱ ከፈተ። እኔ ከበረንዳው አያለሁ። በሩ ላይ ልጄ ቆሟል። ጥቁር ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ ለብሷል፤ ጸጉሩን ተላጭቷል። ፈተናውን ጥሎ፣ ጓደኞቹ ለአውሮፕላን አዋጥተውለት፣ ለቀብሩ ባልደርስ ለልቅሶው ልድረስ ብሎ መጥቷል። በሩን የከፈተለት ደግሞ አባቱ ነው፣ እጁ ላይ የበቆሎ ፍሬ ይዞ።

ልጄ ከእግር እስከ ራሱ አየው። አላመነም። እጁን ዘርግቶ ፊቱን ነካው፣ ጢሙን ነካው። ከዚያ እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠ፤ ይዞት የመጣውን ልቅሶ በሙሉ አለቀሰው።

"አለሁ ልጄ" ይለዋል ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ። "አለሁ እኮ።" እናቱን ሲቀብር ያላለቀሰ ሰው እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል።

እኔም ልጄን ሳምኩት፣ ሰደብኩት፣ ደግሜ ሳምኩትና ወደ ቤት አስገባሁት። ምሳ አቀረብኩለት። የአባቱን ግራ እጅ በቀኙ ይዞ ተቀመጠ። "እጅህን ታጠብ እንጂ" ስለው አልለቅም አለ። አባቱ በቀኝ እጁ እየጠቀለለ አጎረሰው።