ያየውም፣ ያላየችውም

እጄን ወደ ኋላ ያሰረኝ ፖሊስ ወጣት ነበር። ካቴናው እንዳይጠብቅብኝ ጣቱን በመሃል አስገብቶ ለካና "ደህና ነው?" አለኝ። "ደህና ነው፤ አመሰግናለሁ" አልኩት። ኋላ ባለቤቴ ይህን ስትሰማ በሳቅ ፍርስ አለች። ሰው እያሰሩት ያመሰግናል? ምን ላድርግ፣ አስተዳደግ ነው።

የተያዝነው ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ነው። በረዶው መቅለጥ የጀመረበት ሰሞን ነበር፤ ጫማችን ያመጣው ጭቃ ምንጣፉን አበላሽቶት ነበርና እሱም ሳያሳፍረኝ አልቀረም። የጥቁር ልጆች ወላጆች ነን፤ ከእኛ አገር የመጣን አለን፣ ሶማሌዎች አሉ፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካውያን አሉ። ልጆቻችን በሆነ ባልሆነው ከክፍል ይባረራሉ። "ከማባረራችሁ በፊት አናግሩን" ነው ጥያቄያችን። ኃላፊው ወጥቶ ካላናገረን አንነሣም ብለን መሬት ተቀመጥን። ኃላፊው አልወጣም፤ ፖሊስ መጣ።

እስር ቤት ለእኔ አዲስ አልነበረም። ተማሪ ሳለሁ በአገሬ ታስሬያለሁ። እዚያ መርማሪውን ቀና ብሎ ማየት በጥፊ ያስመታል፤ ስለዚህ የመርማሪዬን ፊት እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ጫማውን ግን ገበያ መሃል ባየው እለየዋለሁ። እዚህ ደግሞ ፎቶ ሲያነሱኝ "ቀና በል፣ ካሜራውን እይ" አሉኝ። ቀና አልኩ። አገጬ መልሶ ወረደ። "ቀና!" አሉኝ እንደገና።

ያስገቡኝ ክፍል ግድግዳው ነጭ ቀለም የተቀባ፣ አግዳሚው ሲሚንቶ ነው። በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ከበረኪናው ሥር ግን የሰው ላብ አለ፣ አልለቀቀም። መብራቱ አይጠፋም። ቀበቶዬን ወስደውብኝ ስለነበር ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ነው የገባሁት። የአገሬ እስር ቤት ቁንጫ ነበረው፤ ይህ ቁንጫ የለውም። ብርዱ ግን አጥንት ይገባል።

አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አብረውኝ ገቡ። ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ሰባን አልፈዋል፤ ጡረታ እስኪወጡ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግራቸው፤ እዚህም እንዲያው ልቀጥል። ኮታቸውን አውልቀው በሥርዓት አጣጠፉና አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ እንደ ቤታቸው "ተቀመጥ እንጂ፣ ልጄ" አሉኝ።

"ምን ትሠራለህ?"

"ኤርፖርት ታክሲ እነዳለሁ።"

"ሾፌር ነሃ! እኔም ሾፌር ነበርኩ። ሁለታችንንም እንዳንነዳ አድርገው አስቀመጡን።"

ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ፍርሃቴ ተመለሰ። ፍርሃቴ ደግሞ እስሩ አልነበረም፤ ነገ ነበር። ነገ የልጄ ስብሰባ አለ።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጥፋቷ መምህሯ ስታናግራት ቀና ብላ አለማየቷ ነው። እኛ ቤት ልጅ ትልቅ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ሰበር አድርጎ ይሰማል። አፍጥጦ የሚያይ ልጅ ዓይን አውጣ ይባላል፤ ዓይኑን በጨው የታጠበ ይባላል፤ ስድቡም ለልጁ ብቻ ሳይሆን ላሳደገው ይተርፋል። መምህሯ "ሳናግርሽ እዪኝ" ትላታለች። ልጄ ተቆጡኝ ብላ ይብስ አንገቷን ትደፋለች። ኮሪደር ላይ አስቀመጧት፤ ቀጥሎ ለቀናት ከትምህርት ቤት አገዷት፤ በመጨረሻ "እምቢተኛ ናት" ተብሎ ጠባያቸው ያስቸገረ ልጆች ወደሚቀመጡበት ሌላ ክፍል ትዛወር አትዛወር የሚለውን ለመወሰን ጠሩን። እዚያ ክፍል የገባ ልጅ ተመልሶ ሲወጣ ያየ ወላጅ አላጋጠመኝም።

እዚያው ክፍሏ ውስጥ አንገቷን የምትደፋ አንዲት ነጭ ልጅ አለች። የነገረችኝ ልጄ ናት። "እሷንስ ምን ይሏታል?" አልኳት። እንደ ሁልጊዜው በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ "እሷማ ዓይን አፋር ናት፣ ዳዲ። ቀስ ብለው ነው የሚያናግሯት።" ልጄ ይህን ስትል አልከፋትም። የፀሐይን መውጣት እንደምትነግረኝ ነበር የነገረችኝ። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው አወራኋቸው። መጀመሪያ የተጠራሁ ጊዜ ያደረግኩትንም ነገርኳቸው። እንደ አገሬ ወላጅ ሆኜ ሄጄ መምህሯን "ልጅቷ የእርስዎ ናት፣ እንደ ልጅዎ ይቅጧት" አልኳት። በእኛ ዘንድ ለአስተማሪ ከዚህ የበለጠ ክብር የለም። ሴትዮዋ ደነገጠች። በማግስቱ አንዲት ሠራተኛ ልጄን ለብቻዋ ወስዳ "ቤት ውስጥ ይመቱሻል ወይ?" ብላ ጠየቀቻት።

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ጠባቂው በመስኮቱ አየን።

"አሁንስ ምን እያደረግህ ነው?" አሉኝ ሳቃቸውን ጠርገው።

"አለማምዳታለሁ። ኩሽና ውስጥ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ዓይኔን እንድታይ አደርጋታለሁ። ጥቂት ታየኝና ሳቋ ይመጣል፤ ከዚያ ዓይኗ ይወርዳል። 'ብልግና ብልግና ይለኛል፣ ዳዲ' ትለኛለች። ግን ትለምዳለች። ከለመደች ይተዉአታል።"

ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ።

"የልጅ ልጄ እኔ ጋ ነው የሚያድገው" አሉ። "እዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ ካንተ ልጅ በዓመት ቢበልጥ ነው። እሱ ያያል። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ ሰው ሲያናግርህ ዓይን ዓይኑን እይ ብዬ። ከክፍል ሲያስወጡት ምን ብለው እንደጻፉበት ታውቃለህ? 'አፍጥጦ አየኝ፣ አስፈራራኝ።' አሥር ዓመቱ ነው። ጥርሱ ገና እየተነቀለ ነው።"

የእኔ ስላላየች ተባረረች፤ የእሳቸው ስላየ ተባረረ። እነዚያን ሁሉ ምሽቶች ኩሽና ውስጥ የማይሰበር ግድግዳ በልጄ ግንባር ስገፋ ነው የከረምኩት። ተናደድኩ፤ ከንዴቱ ጋር ግን አንድ የቀለለኝ ነገር ነበር። ጉድለቱ የልጄ ዓይን ላይ አልነበረም።

ሽማግሌው ወደ ግድግዳው እያዩ ቀጠሉ። የተወለዱት ደቡብ፣ ሚሲሲፒ ነው። ልጅ ሆነው ነጭ ሰው በመንገድ ሲመጣ እናታቸው አገጫቸውን ይዛ ቁልቁል ታወርደው ነበር።

"ክፉ ሆና አይደለም" አሉ። "እንድኖር ብላ ነው። ቀና ብሎ አይቶ ቤቱ ያልተመለሰ ልጅ ታውቅ ነበር። ወደ ሰሜን የመጣሁ ቀን ከእንግዲህ ለማንም አንገቴን አልደፋም ብዬ ማልኩ። አልደፋሁምም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አሁን አንተን ልጠይቅህ። ልጅህን ያስተማርካት የትኛውን ነው? ክብሩን ነው ፍርሃቱን?"

"ክብሩን" አልኩ ፈጥኜ። የተናገርኩት እውነት መስሎኝ ነው። አፌን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያ የመርማሪዬ ጫማ ትዝ አለኝ። ከእናቴና ከአባቴ የወረስኩትን ክብርና ከዚያ የምርመራ ክፍል ይዤ የወጣሁትን ፍርሃት ለይቼ ነው ለልጄ የሰጠኋት፣ ወይስ ደባልቄ? አላወቅኩም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሻለቃ መሳይ ፖሊስ ወረቀት ይዞ ገባ። ጉዳያችን እስኪያልቅ ድረስ የትኛውንም ትምህርት ቤት ግቢ አንረግጥም ብለን ከፈረምን አሁኑኑ እንወጣለን። ካልፈረምን እስከ ነገ ዳኛ እንጠብቃለን። ለእኔ ደግሞ ጨመረልኝ፤ "ኤርፖርት ነው የምትሠራው አይደል? ክስ ከተከፈተብህ ፈቃድህ ችግር ይገጥመዋል። ፈርመህ ብትሄድ ይሻልሃል።" በክፋት አልነበረም የተናገረው። እውነቱን ነበር።

የማስበው ነገር ነበረኝ። የቤት ኪራይ አለ፤ ባለቤቴ ብሉሚንግተን ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ የምታመጣው ለብቻው አይበቃም። ብፈርም ዛሬ ቤቴ አድራለሁ፤ ነገ ግን በልጄ ላይ ሲወሰን በሩን አላልፍም። ባልፈርም፣ ዳኛው በጊዜ ከለቀቀኝ እደርሳለሁ፤ ካልለቀቀኝ አልደርስም። ይህን ሳወጣና ሳወርድ ለካ አንገቴን ደፍቻለሁ።

"ሳናግርህ እየኝ" አለኝ።

ያችኑ ቃል። ልጄ ስንት ጊዜ ሰምታት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑ ሰማያዊ ነው፤ የደከመው ሰው ነው፤ እንደ እኔ ልጆች ሳይኖሩት አይቀሩም።

"እየሰማሁህ ነበር" አልኩት። "እኛ ዘንድ ሰው ሲያከብር ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሰማው። ልጄም የምትሰማው እንደዚህ ነው። ከትምህርት ቤት ያባረሯት ለዚህ ነው። ግቢውን አልረግጥም ብዬ አልፈርምም፤ ልጄ እዚያ ናት።"

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሱሪዬን ግን በእጄ እንደያዝኩ ነበር።

ሽማግሌው "እኔም አልፈርምም" ብለው ኮታቸውን ትራስ አደረጉት። ፖሊሱ "እንደ ፈለጋችሁ" ብሎ ወጣ።

እራት ሥጋ በመሃሉ ያለበት ዳቦ ከፖም ጋር አመጡልን። ሁዳዴ ነበር። ሥጋውን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ለምን ብለው ሳይጠይቁ ፖማቸውን ሰጡኝ። ኋላ ምክንያቱን ስነግራቸው "እስር ቤትም ይጾማል?" አሉ። "እስር ቤትማ ለጾም ይመቻል" አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ዳኛው ያለ ምንም ግዴታ ለቀቀን። ቀበቶዬን መልሰውልኝ ስታጠቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ውጭ ባለቤቴ የሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ልጄን ይዛ ቆማለች፤ ስብሰባው ከሰዓት ነው፣ ደርሰናል። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ከኋላዬ የወጡትን ሽማግሌ አየች።

"ሰላም በያቸው" አልኳት። "አብረውኝ ነበሩ።"

ግራ እጇን ከቀኝ ክርኗ ሥር አድርጋ እጇን ዘረጋች፤ ጎንበስ አለች፤ ዓይኗን ወደ ጫማቸው ሰበር አደረገች። ያስተማርናት እንደዚያው ነው። ሽማግሌው እጇን ይዘው ቆሙ። ምን ሊሉ ነው ብዬ ፈራሁ። ባርኔጣቸውን በሌላው እጃቸው አወለቁ፤ ያን ረጅም አንገታቸውን አጠፉ፤ ዓይናቸውንም ዝቅ አደረጉ። መንገደኛ በአጠገባቸው አለፈ፤ አውቶቡስ አለፈ፤ እሳቸው እንዳጎነበሱ ናቸው። ከሚሲሲፒ ወዲህ ለማንም ያላደረጉትን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አደረጉ። ቀና ሲሉ "ዛሬ አገጬን የያዘኝ የለም" አሉኝ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። እኔ ደግሞ ፊቴን አዞርኩ።

ስብሰባው ላይ አብረውን ገቡ። ባለቤቴ ከአንድ ወገን፣ እሳቸው ከሌላው ተቀመጡ። የተዘጋጀሁበትን ንግግር ረሳሁት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፤ "የእሳቸው ልጅ ዓይናችሁን አየና አባረራችሁት። የእኔ ልጅ ሳታይ ቀረችና አባረራችኋት። እስቲ ንገሩኝ፣ ልጆቻችን ዓይናቸውን የት ያድርጉት?"

መምህሯ ጠረጴዛውን ታይ ነበር፤ አንገቷን ደፍታ። እምቢተኛ ናት ያላት ግን አልነበረም።

ልጄን አላዛወሯትም። ይቅርታም አልጠየቁንም፤ "አለመግባባት ነበር" አሉ። የሽማግሌውን የልጅ ልጅ ለማስመለስ ሌላ ወር ፈጀብን። የታገደው የታክሲ ፈቃዴም እስኪመለስ በጋውን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም ከረምኩ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል።

አሁን ልጄ ሃይስኩል ናት። ስንከራከር ዓይን ዓይኔን እያየች ትሟገተኛለች፤ "ዓይን አውጣ!" እላታለሁ፤ ትስቃለች፤ ክርክሩን ግን አትለቅም። አስተማሪዎቿንም እንዲሁ ነው የምታያቸው። አንዳንዶቹን ይጨንቃቸው ይሆናል፤ ይጨነቁ። ሽማግሌው ግን ቤታችን ሲመጡ፣ ከበሩ ጀምራ ግራ እጇን ከክርኗ ሥር ታደርጋለች፤ ዓይኗንም ዝቅ ታደርጋለች። ማንም አላዘዛትም። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

ያን ቀን በጥድፊያ "ክብሩን" ብዬ የመለስኩትን ጥያቄያቸውን ልጄ ራሷ ስትመልስላቸው በር ላይ ቆሜ አያለሁ።