በአባቴ ስም የመጣው ደብዳቤ

ደብዳቤ ጽፈው እስረኛ ስላስፈቱ ፈረንጆች ሲወራ ደሜ ይፈላል። ሰዎች ይገረማሉ፤ «የበደለሽ ደርግ ነው እንጂ ፈረንጅ ምን አደረገሽ?» ይሉኛል። ደርግንማ ለመጥላት ለማንም ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅብኝም። ለፈረንጁ ያለኝ ቂም ግን ማስረዳት ይፈልጋል። ለራሴ ያለኝም እንደዚያው።

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው አቀበት ላይ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔንና ታላቅ ወንድሜን በአንዲት የስፌት መኪና አሳደገን። የደብሩ ካህናት ቀሚስ ሁሉ በእጁ ያለፈ ስለሆነ፣ ወንድሜ ሚሲዮኖች ዘንድ በጸሐፊነት ተቀጥሮ ጴንጤ ሲሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። አባቴ የሰማ ቀን መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ከዛሬ ጀምሮ ወንድ ልጅ የለኝም» አለ። በሩ ክፍት ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ሦስት ዓመት ሙሉ የወንድሜ ስም በቤታችን አልተጠራም።

ከዚያ ደርግ ጸሎት ቤታቸውን አሸገ፤ ሚሲዮኖቹን አባረረ፤ ወንድሜን አሰረ። ክስ የለ፣ ዳኛ የለ። ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ምሳ ዕቃውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ እስር ቤቱ በር ላይ ለዘበኛው እሰጣለሁ፤ የትናንቱን ባዶውን እቀበላለሁ። እስረኛውን ማየት ክልክል ነው። በሕይወት መኖሩን የማውቀው በጨርቁ ነበር፦ ጠርዙን ወደ ውስጥ መልሶ አራት ላይ ያጥፈዋል፣ አባታችን ልጆች ሳለን እንዳስተማረን። ቤት ስገባ ዘንቢሉን አስቀምጬ ወደ ጓዳ አልፋለሁ። አባቴ ማንም ያላየው መስሎት ጨርቁን ያወጣል፤ እጥፋቱን በጣቱ ይዳብስና መልሶ ያስገባዋል። ስለ ልጁ ግን አንድ ቃል አይጠይቀኝም። ግትርነቱ ያንገበግበኝ ነበር።

እንዲህ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጠዋት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። ወንበር ሳይሰጠው ተቀመጠ።

«አባባ፣ ፈረንጆች እኮ ስለ እርስዎ እየጻፉ ነው» አለ እየሳቀ። «ከየአገሩ ደብዳቤ በደብዳቤ ሆነናል። ታስረዋል አሉ፣ ይፈቱ ይላሉ።»

ነገሩን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። የተባረሩት ሚሲዮኖች አገራቸው ገብተው ስለ ወንድሜ ተናግረዋል፤ የሰሙትም ለመንግሥት ደብዳቤ ማጉረፍ ጀምረዋል። ነገር ግን ሚሲዮኖቹ ወንድሜን አብሯቸው በሠራበት ዘመን ሁሉ የሚጠሩት «ሚስተር» ብለው በአባቱ ስም ነበር። እኛ አገር የሰው ስም የመጀመሪያው እንደሆነ፣ ሁለተኛው የወላጁ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም። ወጣችንን እየበሉ ስማችንን አላወቁም። ለዓለም ሲያስታውቁም የእሱን ስም በአንድ ፊደል አሳጥረው የአባቴን ስም ሙሉውን ጻፉት። ስለዚህ ያ ሁሉ ደብዳቤ ይፈታ የሚለው አባቴን ነበር።

መንግሥት እንዲህ ያለ ሲሳይ ከየት ያገኛል? ዕርዳታ ይፈልጋል፤ ዕርዳታ ሰጪዎቹ ደግሞ እስረኛውን አሳዩን ብለዋል።

«አንድ ፈረንጅ ሊያይዎት ይመጣል» አለ ሊቀመንበሩ። «ስምዎን ይጠይቅዎታል፣ ይነግሩታል። ታስረዋል ወይ ይልዎታል፣ አልታሰርኩም ይላሉ። ውሸት አለበት?»

«የለበትም» አለ አባቴ።

«እሱን ነው የምልዎት። ልጅ አለዎት ቢልዎት ደግሞ፣ ወንድ ልጅ የለኝም ብለው የተናገሩት እርስዎ ነዎት፤ እኛ አላስተማርንዎትም።» ሊወጣ ሲል ወደ እኔ አየ። «ሴቷን ግን ይጠብቋት።»

ሊቀመንበሩን ያን ዕለት በመርፌ ብወጋው ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ደፋ ቀና አለ። አጥራችን በመንገዱ በኩል ብቻ ኖራ ተቀባ፤ ከቀበሌው ሱቅ ለወራት የጠፋ ስኳር ለእኛ በነፃ መጣ። ጎረቤቶቻችን እንኳን ደስ ያላችሁ ይሉናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዋዜማው ላይ አባቴን ተጣላሁት። «እስካሁን ክደኸዋል፤ ነገ ደግሞ ስምህን ሰጥተህ ልትቀብረው ነው» አልኩት። ለአባት የማይባል ነገር ነው፤ አልኩት ግን። ቀና ብሎ አላየኝም። የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጡን ቀጠለ።

በማግስቱ የፈረንጁ መኪና አቀበቱን እያጓራ ወጣ። ፈረንጁ አንገቱ በፀሐይ የቀላ፣ ትሑት የሚመስል ሰው ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ገባ። አስተርጓሚው ከላይ የተላከ ነው። ሊቀመንበሩ በሩን ተደግፎ ቆመ። እኔ ሻይ የማቀርብ ሆኜ ትሪ ይዤ ግድግዳው ጋ ነበርኩ።

ፈረንጁ የአባቴን ስም ከወረቀት ላይ አነበበና እርስዎ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ስሙ የእኔ ነው» አለ አባቴ። ከዚያ ብድግ አለ። ካህናቱ ፊት እንደሚቆመው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። «የታሰረው ግን ልጄ ነው። እኔ አይደለሁም። ወንድ ልጅ አለኝ፤ የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ምንም አላጠፋም። ልጄን ይፍቱልኝ። ይህን ንገርልኝ የኔ ጌታ» አለው ለአስተርጓሚው።

ሊቀመንበሩ ከበሩ ቀና አለ። አስተርጓሚው ግን ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ይህ ሰው በሕይወቱ ታስሮ እንደማያውቅ፣ ሥራውን በሰላም እየሠራ እንደሆነ፣ ስለ ጤንነቱ ለተጨነቁት ሁሉ ምስጋና እንደሚያቀርብ ነገረው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። እንግሊዝኛ ከትምህርቴ ሁሉ የምበልጥበት ነበር። አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር፤ ቃላቱም ምላሴ ላይ ነበሩ። ሊቀመንበሩ አየኝ። እኔም ወደ ፊት ራመድ ብዬ የስኳሩን ዕቃ ፈረንጁ ፊት አስቀመጥኩ።

ሁለት ማንኪያ ጨመረ። የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው፤ የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ይመስል ፊቱ በራ። አንድ ሽማግሌ ብድግ ብሎ በተማጽኖ የተናገረው ሁሉ እንዴት ምስጋና ብቻ ይሆናል ብሎ አልጠየቀም። ማመን ፈልጎ ነበር የመጣው፤ አመነና ሄደ።

መኪናው እንደራቀ ሊቀመንበሩ አባቴን በጥፊ መታው። አላሰረውም ግን፤ ነፃ ነው ተብሎ ለዓለም የተጻፈለትን ሰው እንዴት ያስረዋል? አባቴ ጉንጩን ይዞ ፈገግ አለ።

«አየሽ፣ ፈርተዋል። በደንብ ተረጎመለት አይደል?»

«አዎ አባዬ» አልኩ። እውነቱን ብነግረው ተነስቶ ቀበሌ ሄዶ ይጮሃል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በላይ ግን አንቺስ ለምን ዝም አልሽ እንዳይለኝ ፈራሁ።

በማግስቱ ዘንቢሉን ከእጄ ወስዶ ስንቁን ራሱ ይዞ ሄደ። ዘበኛው ምኑ ነህ ሲለው አባቱ ነኝ እንዳለው መጥቶ ነገረኝ፤ እንደ ሹመት ነበር ያወራው። የታጠፈውን ጨርቅ አሁን በግልጽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ያየው ጀመር። አሥራ አንድ ቀን ተመላለሰ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ምሳ ዕቃው ሳይነካ ተመለሰ። ጨርቁ አልታጠፈም፤ ዝም ብሎ ተቋጥሮ ነበር። ዘበኛው «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» ብሎታል። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ምን ማለት እንደሆነች የማያውቅ የከተማ ሰው አልነበረም።

እኔ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አባቴ አላለቀሰም። «ይጠየቃሉ» አለ። «በገዛ አፌ ነግሬዋለሁ። ያ ሰው ዝም አይልም።»

ፈረንጆቹ ደብዳቤ መጻፍ አቆሙ፤ እስረኛው ተገኝቷላ። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ መልስ ጠበቀ። አቀበቱን የሚወጣ መኪና በሰማ ቁጥር ፔዳሉን ያቆማል። መኪናው አልፎ ሲሄድ ወደ እኔ ዞሮ ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቀኛል።

«አንቺ እንኳ እንግሊዝኛውን ታውቂያለሽ። ልጄ ነው ያልኩትን ነግሮታል አይደል?»

«ነግሮታል አባዬ» እለዋለሁ።