የተላጠው ጥግ

የፎቶ ቤት ሠራተኛዋ የወንድሟን የጌም ካሴቶች ልታድስ ስትነሳ ክፉ ነገር ይመጣል ብላ አላሰበችም። ካሴቶቹ በልጅነታቸው አብረው የተጫወቱባቸው፣ መዳፍ የሚያህሉ ግራጫ ፕላስቲኮች ናቸው። ፊታቸው ላይ የተለጠፈው ሥዕል ግማሹ ተልጧል፣ ግማሹ የእጅ ወዝ ጠጥቷል። ታላቅ ወንድሟ ሕመሙ ፊደሉንም የሰውንም ስም ከወሰደበት ወዲህ ከነሱ ሌላ የሚያነሳው ነገር የለም። የመርከቧን ጨዋታ ሲጀምር ብቻ አንደበቱ ይፈታና «ጉንዳን፣ ነይ ተቀመጪ» ይላታል። ትንሽ ሳለች ያወጣላት ስም ነው። ከዚያ ውጭ እህቱን አያውቃትም።

ልታስደስተው አሮጌዎቹን ሥዕሎች በስካነር አነሳች። እድፉን በኮምፒውተር ጠረገች፣ የጎደለውን ሰማይ ሞላች፣ የመርከቧን የተቀደደ ሸራ ጠገነች። ባሕሩ ለካ ሰማያዊ ኖሯል፤ ይህን ሁሉ ዘመን አረንጓዴ ይመስላት ነበር። በተለጣፊ ወረቀት አትማ፣ ላዩን በስስ ፕላስቲክ ሸፍና፣ ጥጋጥጉን በምላጭ አስተካከለች። አሮጌውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቃ ላጠችና ፍቅፋቂውን ጣለችው።

ወንድሟ ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያነሳ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። መልሶም አስቀመጠ። የመርከቧን ካሴት ራሷ ማጫወቻው ውስጥ ከትታ ብትከፍትለት ቴሌቪዥኑን ዞር ብሎም አላየው።

«የሰው ዕቃ ነው» አላት በትሕትና። «ለባለቤቱ ይመልሱለት።»

አንቱ ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነበር። እናቷ ከበሩ ሆና፣ ኩል እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች አሉ፣ ብላ ልትቀልድ ሞከረች፤ የልጇን ፊት ስታይ ግን ነገሩን ዋጠችው።

ደግነቱ፣ አሮጌው ሥዕል ሳይጠረግ በፊት የተነሳው ምስል ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። በማግስቱ እድፉን ከነጭረቱ፣ ከነተላጠው ጥግ አተመችው። አብሯት የሚሠራው ካሜራማን፣ አሁንስ እድፍ የሚያትም ፎቶ ቤት ሊሉን ነው፣ እያለ ሳቀባት። ቤት ወስዳ የመርከቧ ካሴት ላይ ለጠፈችው። ወንድሟ ዳበሰው፤ አስቀመጠው። ዓይንን የሚያታልለው ስንጥቅ ለጣት ልሙጥ መስተዋት ነው።

«በዓይኑ የሚለየው መስሎሽ ነው?» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «እኔን ራሴን የሚለየኝ በእጄ ሻካራነት እኮ ነው።»

አጠገቡ ቁጭ ብላ ጥጉን በጥፍሯ መላጥ ያዘች። እንዳይነሳ አድርጋ የለጠፈችው እሷው ነችና እሺ አላላትም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ምላጭ ፍለጋ ልትነሳ ስትል ወንድሟ ካሴቱን ከእጇ ወሰደው።

የአውራ ጣቱን ጥፍር ከጥጉ ሥር ሰክቶ ይቧጥጥ ጀመር፤ በዝግታ፣ ሳያየው። ያኔ ትዝ አላት። ያንን ጥግ ጊዜ አልነበረም የላጠው። እሷ ሌላ ጨዋታ ከፍታ ጆይስቲኩን አልለቅም ስትለው፣ ከጎኗ ተቀምጦ ይህንኑ የመርከቧን ካሴት እየፋቀ የሚጠብቃት እሱ ነበር። ስንት ቀን አስጠብቃዋለች?

ስሱ ፕላስቲክ ተሰነጠቀ፤ ወረቀቱም አብሮት ተነሳ። ጣቱ የሻከረውን ቦታ አግኝቶ ቆመ።

«ተራዬ አልደረሰም?» አለ።

ጉንዳን አላላትም። ማንን እንደሚጠይቅም አልታወቀም። እሷ ግን ጆይስቲኩን አንስታ በሁለት እጇ አቀበለችው።