የዶክተሯ ከረሜላ

አስተዋይ ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይባላል። የእኔ ባል ጅብሪል ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ የሚውጠው ምራቅ አጥቷል። በሕመምተኛ ማሾፌ እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ማሾፌ ግን አልቀረም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው ለኖረች ሴት ይህችን ያህል ይፈቀድላታል።

ጅብሪል የወሎ ልጅ ነው። በሃያ ዓመቱ ከደሴ ተነሥቶ መካ ሲገባ የያዘው ሥራ አቅመ ደካሞችን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ በካዕባ ዙሪያ ጠዋፍ ማስደረግ ነበር። እኔ እዚሁ መካ ነው የተወለድኩት፤ አያቴ ለሐጅ መጥተው በዚያው ቀሩ። አባቴ ለጅብሪል የዳሩኝ ሀብት ኖሮት አይደለም፤ አንደበቱን ወደውለት ነው። ዛሬም የሚበላው በአንደበቱ ነው። ከአገር ቤት የሚመጡ የዑምራ መንገደኞችን በአውቶቡስ እየያዘ ጀበል ኑርን፣ ሚናን፣ ዐረፋን በአማርኛ እያስረዳ ያስጎበኛል። ማይክ ሲይዝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዙ ያደሩት አሮጊቶች እንኳ እንቅልፋቸው ይጠፋል።

አንድ ጉድለት አለው፤ መዋሸት አይችልም። መንገደኞቹ ወደ አንድ ድንጋይ እየጠቆሙ «ነቢዩ የተቀመጡበት ይሄ ነው?» ሲሉት፣ ሌሎቹ አስጎብኚዎች «አዎ፣ እሱ ነው» ብለው ጉርሻቸውን ይቀበላሉ። ጅብሪል ግን «አላውቅም እናቴ፣ ማንም አያውቅም» ይላል። አዲስ ዐባያ ለብሼ «እንዴት ነኝ?» ብለው «አስወፍሮሻል» የሚል ሰው ነው። ያን ዐባያ ዳግመኛ አልለበስኩትም።

የእኔ ጉድለት ደግሞ ቅናት ነው። ምን አስደበቀኝ? ግንባሩን በሚስሙት አሮጊቶች እቀናለሁ። ስልኩን አቀርቅሮ ሲያይ በስልኩ እቀናለሁ። ይህን ሁሉ ግን ችዬ፣ ተደብቄ እየተቃጠልኩ ኖሬአለሁ። ዶክተር ሀናን እስክትመጣ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ከመንጋጋው ሥር ዕጢ ወጣበትና በጨረር ታከመ። አልሐምዱሊላህ፣ ዕጢው ጠፋ። ጨረሩ ግን የምራቁንም ምንጭ ይዞት ሄደ። ዳቦ ላንቃው ላይ ይለጠፍበት፣ በማይክ ሲናገር ምላሱ ይያዝበት ጀመር። ባልደረቦቹ «ጂዳ፣ በግዳዲያ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ጎበዝ ሐበሻ የጥርስ ሐኪም አለች» አሉትና ጂዳ ወረደ። ማታ ሲመለስ በእጁ አንዲት ክብ ቆርቆሮ፣ በአፉ ደግሞ የሴት ስም ይዞ መጣ።

«ዶክተር ሀናን ድድህ እስኪጠነክር ሲዋኩን ለጊዜው ተወው አለችኝ» አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። የጅብሪልን ሲዋክ፣ የጥርስ መፋቂያውን፣ የማዘጋጅለት እኔ ነኝ። በየሐሙሱ ሥሩን መርጬ እገዛለሁ፤ ጫፉን ልጬ፣ በጽጌረዳ ውሃ ነክሬ፣ በጥርሴ አለስልሼ ለጁምዓ እሰጠዋለሁ። ከተጋባን ጀምሮ አንድም ሳምንት አላጓደልኩም። አሁን አንዲት በስም እንጂ በመልክ የማላውቃት ሴት ከባሌ አፍ አውጥታ ጣለችው።

«ያቺስ ምንድን ናት?» አልኩ ቆርቆሮዋን እያየሁ።

«የናዕናዕ፣ የሚንት ከረሜላ ናት። ግን ስኳር የለባትም። ዛይሊቶል የሚባል ሌላ ጣፋጭ ነው ያለባት። ጥርስ የሚያበሰብሰው ተሕዋስ በስኳር ይኖራል፤ ይህን ግን ሊበላው አይችልም። ስትመጠጥ ደግሞ ያለችኝን ምራቅ ታመጣለች። ከውጭ አገር እያዘዘች የምታስመጣው እሷ ናት። በየወሩ ሄጄ እወስዳለሁ።»

በየወሩ! ጥርሴን የነከስኩባት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ምግብ ስናነሳ ሁለት ከረሜላ፣ ሥራ ሲወጣ አንድ፤ «ዶክተር ሀናን እንዳለችው»። ውሃ በጉንጭ በጉንጭ፤ «ዶክተር ሀናን እንዳለችው»። አጠገቤ ተቀምጦ የእሷን ከረሜላ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ሲያዟዙር፣ ጥርሱን ሲነካ ቀጭ የምትለዋ ድምፅ አንጀቴን ትቆርጠኝ ነበር። ልጃችን ኢኽላስ ፊቴን እያየች ትስቅብኛለች።

«ማማ፣ ኸላስ! በከረሜላ ይቀናል እንዴ? መዕቁል?»

«አንቺ ዝም በይ፣ ስታገቢ ታይዋለሽ!»

በሁለተኛው ወር «እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» ብዬ ተከተልኩት። ምነው በቀረብኝ! አርባ ዓመት ያልሞላት፣ ቀጠን ያለች፣ ከባሏ የተፋታች። ሥራዋን የምታውቅ ሴት መሆኗ ገና አንዴ ሲያዩዋት ይታወቃል፤ ይህም አናደደኝ። እሱን «ጋሽዬ» አለችው። እኔን «እማማ» አለችኝ። እሱ ሃምሳ ስምንት፣ እኔ ሃምሳ ሁለት! ወደ መካ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ጣውንት ያለባት ሴት እንዴት ትኖር ይሆን እያልኩ ሳስብ ነበር። ሸሪዓው ይፈቅድለታል። እሷ የተፋታች ናት። እሱ ምላሱ ማር ነው። ምን ቀረ?

ረመዳን ሲገባ ትንሽ ተነፈስኩ፤ ከፈጅር እስከ መግሪብ ቆርቆሮዋ አትከፈትም። እንደዚያ ዓመት ረመዳንን ወድጄው አላውቅም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ዒዱ አልፎ የቆርቆሮዋ ክዳን እንደገና ሲከፈት ስሰማ ግን አላስቻለኝም።

ታች ካለችው የየመኑ ሰው በቃላ፣ ከትንሿ ሱቅ፣ ገባሁና የናዕናዕ ከረሜላ ፈለግሁ። ነጭ፣ ክብ፣ ትንሽዬ፤ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው እኔ ራሴ አልለየኋቸውም። ከረሜላ ያው ከረሜላ ነው፣ ናዕናዕም ናዕናዕ ነው አልኩ። የእሷን ወደ ቆሻሻ ደፋሁና ቆርቆሮዋን በራሴው ከረሜላ ሞላኋት። ልጎዳው አስቤ እንዳልሆነ አላህ ያውቃል። የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ባሌ የሚጎርሰው ከእኔ እጅ የወጣ እንዲሆን።

በማግሥቱ አንዷን አፉ ጨመረና «ይቺ ደግሞ ጣፈጥ ትላለች፤ አዲስ ዓይነት መጣ መሰለኝ» አለ።

«እንጃ» አልኩ። ልቤ ግን ዘፈነ።

ሰባት ወር እንዲህ አደረግሁ። አዲስ ቆርቆሮ ባመጣ ቁጥር የእሷን እደፋለሁ፣ የእኔን እሞላለሁ። እሱም ስለጣፈጠው አበዛው፤ በቀን አሥር፣ አሥራ አምስት ይመጥ ጀመር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይህ ነው።

አንድ ቀን ከዐረፋ ሲመለስ ከኪሱ የተጠቀለለ ሶፍት አወጣ። ሲፈታው የፊት ጥርሱ ስባሪ ነው። አጥንት ነክሶ እንኳ አይደለም፤ ለስላሳ ዳቦ ሲገምጥ ነው የተፈረፈረው። በማግሥቱ ጂዳ ሄደ። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ሥር ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አራቱ የላይ ጥርሶቼ ከሥራቸው በልዘዋል» አለኝ።

«ያ ረቢ! ከምን የተነሣ?»

«ስኳር ነው አለች። ‹ምራቅ በሌለበት አፍ ቀኑን ሙሉ ስኳር ሲዞር እንጂ እንዲህ አይሆንም፤ ጋሽዬ፣ እየዋሹኝ ነው› አለችኝ። ወላሂ አልበላሁም ብዬ ማልኩላት። አላመነችኝም። ሰዒዳ፣ ጥርሱስ ይሁን፤ እኔን ውሸታም አለችኝ።»

ሻይ በስኳር ከጠጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ተምር እንኳ ለሱና ያህል አንዷን ቀምሶ አፉን ይጉመጠመጣል። ይህን ሁሉ ዓይኔ እያየ ያደረገ ሰው ፊቴ ተቀምጦ ሲያዝን፣ ቆሻሻ ላይ የደፋኋቸው ከረሜላዎች አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ። ኢኽላስ ጓዳ ነበረች፤ ጠርቼ ከስኳር ሌላ ጥርስን እንዲህ የሚያደርግ ነገር ካለ በስልኳ እንድትፈልግልኝ አሰብኩ። ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። መልሱን እያወቅሁት ምን ያስፈልገኛል?

«ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለ። «ምስክሬ አንቺ ነሽ። አፌ የሚገባውን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ሰምቼ በሌላ ሴት ስስቅ ኖሬአለሁ። በማግሥቱ መካን ለቅቀን ጂዳ እስክንገባ ድረስ የምስቅባት ሴት አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ሦስት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሦስቱንም ጊዜ «መኪናው ሞቀህ?» ነው ያልኩት።

ዶክተር ሀናን የጥርሱን ፎቶ በስክሪን አሳየችን። ሥር ሥሩ ጠቁሮ፣ ሽንኩርት ቆርጦ ሳይታጠብ አድሮ የዛገ ቢላ ይመስላል። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«እማማ፣ ቤት ውስጥ ጣፋጭ ነገር ይበላሉ? እውነቱን ይንገሩኝ፣ ለእሳቸው ብዬ ነው።»

«ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው» አልኩ።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ስኳር ከየት መጣ?»

የእኔም ምላስ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። ጅብሪል «ንገሪያት እንጂ» በሚል ዓይን አየኝ፤ ከዚያ ፊቴን አየ፣ ቆየ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየውን ፊት ነው፤ ምን እንዳነበበበት አላህ ያውቃል። እጁን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ሰደደና ቆርቆሮዋን ጨበጣት።

«ዶክተር፣ አፉ በዪኝ» አለ። «ትናንት ዋሽቼሽ ነው። ሐላዋ እበላለሁ። ከእሷም ተደብቄ ነው።»

ደነገጥሁ። ያፈርኩትን ያህል ደስ አለኝ ብል ታዝኑብኛላችሁ፤ ግን ደስ አለኝ። በእሷ ፊት፣ እሷን ትቶ እኔን መረጠ። እሷም እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ገሠጸችው፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ ረዳቷ ለሌላ ራጅ ወደ ጎረቤት ክፍል ወሰደችው። ዶክተሯም «ይዋሻል» ብላ ኮምፒውተሯ ላይ እየጻፈች፣ ልታጽናናኝ ብላ፣ «አይዞዎት እማማ። ወንዶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ይዋሻሉ» አለችኝ።

ብልጭ አለብኝ። ይህቺ ሴት ባሌን ማን መስሏት ነው ከውሸታሞች የምትደምረው? እኔ ብቻ ነኝ እሱን የማማው!

«ባሌ አይዋሽም» አልኳት። «ዋሽቶ አያውቅም። ዛሬ ነው፣ ለእኔ ብሎ ነው። ከረሜላሽን እየደፋሁ የበቃላ ከረሜላ የሞላሁበት እኔ ነኝ። ሰባት ወር።»

እጇ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። «ለምን?»

«ቀንቼብሽ ነው።»

«በእኔ?» ብላ ዓይኗን አፈጠጠች። «እማማ፣ ከትናንት በፊት ጋሽዬን ካየኋቸው ሰባት ወር ሆኖኛል! ቆርቆሮውን በየወሩ የምትሰጣቸው የእንግዳ መቀበያዋ ፊሊፒናዊት ናት። በር ላይ ተቀብለው ነው የሚሄዱት።»

ሰባት ወር ሙሉ በአንድ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ስቀና ኖሬአለሁ ማለት ነው። ሳቄም ልቅሶዬም አልመጣም። የመጣልኝ «የጻፍሽውን አጥፊው» ማለት ብቻ ነበር። «‹ይዋሻል› ብለሽ የጻፍሽውን፣ እዚሁ ፊቴ አጥፊው።» አጠፋችው። ከአራቱ ሁለቱን ለማትረፍ እንደምትሞክር፣ ሁለቱ ግን የግድ እንደሚነቀሉ ነገረችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጅብሪል ከራጅ ሲመለስ ዶክተሯ ብድግ ብላ «ጋሽዬ፣ ይቅርታ» አለችው፤ ገባው። መኪና ውስጥ ስንገባ ወደ እኔ ዞረ።

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት።»

«ምነው? እኔ ጨርሼው አልነበር?»

«ውሸታም ብላ ስትጽፍህ ዝም ልበል?»

ሞተሩን አስነሣና፣ «በይ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ቢጠይቀኝ እውነቱን ነው የምናገረው። አንዴ ዋሽቻለሁ፤ ይበቃኛል» አለ። ከዚያም በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል «እንደምን አደርሽ»፣ «ደኅና እደሪ» ብቻ ሆነ። ጥርሶቹ ሲነቀሉ አብሬው ነበርኩ። ከረሜላውን አሁን በየወሩ ጂዳ ወርጄ ከፊሊፒናዊቷ የምቀበለው እኔ ነኝ። ግን ከእኔ ጋር የሚኖረው ወዶ ይሁን ልማድ ሆኖበት አላወቅሁም፤ ልጠይቀውም ፈራሁ። የጠየቁትን እውነቱን የሚናገር ሰው ነዋ።

ባለፈው ወር ከወሎ የመጡ መንገደኞች ነበሩ። ዘመዶቼም ስላሉበት አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ጅብሪል ማይኩን ይዞ ሲናገር በሁለቱ ጥርሶች ክፍት በኩል ድምፁ ትንሽ ያፏጫል። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አዘኑለት።

«ልጄ፣ ጥርስህን ምን ነካው?»

ፊቴን በሻርፔ ሸፈንኩ። እሱ ማይኩን እንኳ ከአፉ አላራቀም።

«ሚስቴ በሐኪሜ ቀንታ መድኃኒቴን በስኳር ለውጣብኝ ነው፣ እናቴ።»

አሮጊቷ ደረታቸውን ይዘው «ያ አላህ! ታዲያ ፈታሃት?» አሉ።

«እናቴ» አለ ጅብሪል፣ «ያስነቀልኩት ጥርሴን ነው፤ እሷን አይደለም።»