ልስኑ የኔ፣ ምስጋናው የሃርመን

ሃርመን ቀለም ቀቢ ነው፤ እኔ ለሳኝ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዶኩም ከተማና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች እኔ የለሰንኩትን እሱ ይቀባል። ቅናቴ የተወለደው ከዚህ ስለሆነ ከዚህ መጀመር አለብኝ። የፋርማሲስቱን ሳሎን ኮርኒስ ስሠራ አንገቴ እስኪደርቅ ሽቅብ እያየሁ፣ ጂብሰሙ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ሦስት ቀን ታገልኩት። በአራተኛው ቀን ሃርመን እያፏጨ መጣና ቀለም አስነካው። የቤቱ እመቤት ገብታ ቀና አለችና «ውይ ሃርመን፣ እጅህ ይባረክ፣ እንዴት ያምራል!» አለች። እኔ ደጅ ባልዲዬን እያጠብኩ ነበር።

ሃርመን «ከሥሩ ያለው የሲትሰ ሥራ ነው» ብሎ ስሜን አልጠራላትም። እንዲላት ጠብቄ ነበር? አዎ፣ ጠብቄ ነበር። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሁሉ።

ሁለታችንም በራሳችን የምንሠራ ነን። ተቀጣሪ ቢታመም አሠሪው ይከፍለዋል፤ እኛ ብንታመም የሚከፍለን የለም፤ ጡረታም ስድሳ ሰባት ዓመት ሳይሞላ አይታሰብም። አንድ ጊዜ የሕመም ኢንሹራንስ ልገባ ሄጄ የቢሮው ሠራተኛ ለሳኝ መሆኔን ሲሰማ የጠራልኝ ዋጋ የቤት ብድሬን ያህል ነበር። ስለዚህ እንደኛ ያሉ አርባ ሁለት ሰዎች ሆነን የዳቦ ማኅበር አቋቋምን። አናጢው፣ አትክልተኛው፣ ፀጉር ቆራጯ፣ አዋላጇ ሳትቀር አለችበት። አንዱ ታሞ ከወር በላይ ሥራ ከፈታ የቀረነው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ስጦታ እንልክለታለን፤ ግፋ ቢል ሁለት ዓመት። ራሱ የታመመ ሰው እንኳ ለሌላው ታማሚ ከመላክ አይቀርም። ስጦታው ተጠራቅሞ በአንድ አይደርስም። ከእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው በስሙ ይመጣል፤ ከሥሩም አንድ ሁለት መስመር መጻፍ ይቻላል። የሐኪም ወረቀት አንጠይቅም፤ የምንተማመነው ስለምንተዋወቅ ነው።

ባለፈው መስከረም ሃርመን ከመሰላል ወድቆ የቀኝ ትከሻው ጅማት ተበጠሰ። ስሰማ ደነገጥኩ፣ እውነት ነው። ድንጋጤዬ ግን ብዙ አልቆየም። የመጀመሪያው ወር ስጦታ እንደደረሰው ልጠይቀው ስሄድ እንደ ሙሽራ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጠረጴዛው በፍራፍሬ ቅርጫት ተሞልቷል፤ የመጡለት ካርዶች ግድግዳው ላይ በገመድ ተሰቅለዋል።

«ና ና፣ ሲትሰ! ስማ እስቲ» ብሎ ስልኩን አውጥቶ ያነብልኝ ጀመር። «አዋላጇ ምን አለች መሰለህ? ‹ያ የቀባህልኝ አረንጓዴ ክፍል ውስጥ ስገባ ድካሜ ይጠፋል።› አናጢው ደግሞ ‹ከተማው ያላንተ ግራጫ ሆነ› ይለኛል። አይገርምህም?»

«የኔስ ደረሰህ?»

«ደርሷል፣ ባዶውን!» ብሎ ሳቀ። «ሲትሰ ጂብሰም እንጂ ቃል ማቡካት አይሆንለትም አልኳት ለሚስቴ።»

ከቡናው ጋር አንድ ብስኩት ሰጠኝና የብስኩቱን ቆርቆሮ መልሶ ከደነው።

ወደ ቤቴ ስመለስ ያንገበገበኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ስሞቹ ናቸው። ይህ ሁሉ ሰው በየወሩ ጎበዝነቱን ሊጽፍለት ነው። ለኔ በሠላሳ ዓመት ማን ምን ጻፈልኝ? እኔም እኮ ታማሚ ነኝ። ሁለቱም ጉልበቶቼ ከዓመት ወዲህ አይታጠፉልኝም፤ ጠዋት ደረጃ የምወርደው በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ብናገር ደግሞ «ሃርመንን አይቶ ነው» ይሉኛል። በሥራ እኔ ለፍቼ እሱ ይመሰገናል፤ በሕመም እንኳ ቀደመኝ። በየወሩ ስጦታዬን ላክሁለት፤ በየወሩ ከሥሩ ምንም አልጻፍኩም።

ሚያዝያ ላይ ከሥራ ስመለስ በሆልወርድ መንደር በኩል አለፍኩ። ሃርመን በሴት ልጁ በኒንከ ቤት ደጅ መሰላል ላይ ቆሟል፤ ብሩሽ ይዟል። ደስ አለኝ። ዛሬ ይህን ሳወራ አፍራለሁ፤ ያን ቀን ግን እያፏጨሁ ነው ቤቴ የገባሁት።

በዚያው ሳምንት ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሰብሳቢያችን ብስክሌት ጠጋኟ ፍሮውከ ናት። መጨረሻ ላይ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» አለች።

«አለኝ» አልኩ። «ታማሚ መሰላል ላይ ምን ይሠራል?»

«አታድበስብስ፣ ስም ጥራ።»

«ሃርመን። የልጁን መስኮት ሲቀባ በዚህ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ሃርመን ፊቱ ቀላ። «ቀብቻለሁ» አለ። ያስረዳል ብዬ ስጠብቅ ሰዉን ዞር ዞር ብሎ አየና ተነሣ። «በጥርጣሬ የሚሰጠኝን ስጦታ አልፈልግም። ከሰኞ ጀምሮ ድኗል ብላችሁ ጻፉ።» ጃኬቱን በአንድ እጁ እየጎተተ ወጣ። አዋላጇ ወደኔ ዞራ «አሁን አንጀትህ ራሰ?» አለችኝ። ሃርመን እንደኔው ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ በዚያ ትከሻ የትኛውም ኢንሹራንስ አይቀበለውም።

እሑድ ሆልወርድ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም፤ ትክክል መሆኔን ላረጋግጥ ነበር። መስኮቱን ጠጋ ብዬ አየሁት። ቀለሙ ተንጠባጥቧል፣ መስታወቱ ላይ ፈሷል፣ ጠርዙ ተወላግዷል። ሃርመን እኮ ቴፕ ሳይለጥፍ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምር ሰው ነው። ኒንከ በሩን ከፈተች።

«ምን ልታይ መጣህ?»

«በግራ እጁ ነው የቀባው?»

«በግራው። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ይቺን አንዲት መስኮት። ‹ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ እስከ ጡረታ ማን ያበላኛል? ግራ እጄን ላስተምረው› ይል ነበር። ብሩሹን ሲያጥብ ያለቅሳል። ደግሞ ‹ብቻ ሲትሰ እንዳያየው› ይለኛል።»

«ለምን እኔ?»

«‹ሥራ የሚያውቅ እሱ ነው፣ አንዲት ጠብታ አታመልጠውም› ብሎ ነዋ።»

በቀጥታ ፍሮውከ ቤት ሄድኩ። «ተሳስቻለሁ፣ ሃርመንን መልሱት» አልኳት። «ሌላም አለ። ጉልበቶቼ አልቀዋል፤ ዓመት አለፋቸው።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልተናገርክም፣ አንተ ሰውዬ?»

«ሃርመን ቀድሞኝ ነዋ።»

ትኩር ብላ አየችኝ። «ዕድሜህ ስድሳ አንድ ነው ወይስ ስድስት? ሂድና ለሱ ራስህ ንገረው።»

ሰኞ ጠዋት ቤቱ ስደርስ ሃርመን መሰላሉን መኪናው ላይ ጭኖ ሞተር አስነሥቷል። ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ዞር በል፣ ሲትሰ። ሥራ አለኝ።»

«መስኮቱን አየሁት። በድዬሃለሁ። ተንበርክኬ ይቅርታ እንዳልልህ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና።»

«ደደብ» አለና ሞተሩን አጠፋ። መሰላሉን በእሱ አንድ ክንድና በእኔ ሁለት ክንድ አወረድነው።

ሥራ ከፈታሁ በኋላ የመጀመሪያው ስጦታ ደረሰኝ። አርባ አንዱን ስም አንድ በአንድ ወደ ታች ሄድኩ፤ የምፈልገው የሃርመንን ነበር። ባዶ እንደሚሆን አውቄ፣ ይገባኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ከሥሩ ግን እንዲህ ይላል፦ «የፋርማሲስቱ ሳሎን ኮርኒስ። ከመቀባቴ በፊት በመዳፌ ዳበስኩት። ያንን ልስን ቀለም ማስነካቱ አሳዝኖኝ ነበር።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ እኔ ለእሱ ያን ሁሉ ወር አንዲት ቃል ሳልጽፍ፣ እሱ ገና በመጀመሪያው ወር። በዚህም ቀደመኝ።