የይኸነው ድምፅና ጥቁሯ ሳጥን

እንጅባራ ላይ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ጢሞቲዎስ የሚባል ሰው ጌም ቤት ነበረው። ጌም ቤት ስላችሁ አዳራሽ እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ ግድግዳ የተደገፈ አግዳሚ ወንበር፣ በቃ። ከመጋረጃው ኋላ አልጋው አለ። የዳንግላ ሰው ነው። እናቱ ከሞተች በኋላ እዚያ የሚጠብቀው ስላልነበረ መጣ፣ እዚሁ ቀረ፤ አርባ ሊደፍን ሲል ሚስትም አላገባ፣ ልጅም አልወለደ። እሑድ እሑድ ቸርች ይሄዳል፣ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ጸሎቱ ሲያበቃ ሰው ሁሉ ይጨብጠዋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቤተሰቡን ይዞ ሲሄድ እሱ ብቻውን ወደ ጌም ቤቱ ይመለሳል። ክፉ ሰው አልነበረም እኮ። ዝም ስለሚል ሰው ይረሳዋል። ዝምተኛን ማን ምሳ ይጠራል?

ያቺ ቤት ቀኑን ሙሉ ሰው ይገባባታል፣ ይወጣባታል፤ ለጢሞቲዎስ ብሎ የሚመጣ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይኸነው ይባላል፤ ጥርባ ከሚባል አገር የመጣ የገበሬ ልጅ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ። አመሻሽ ላይ ባጃጁን በር ላይ ያቆምና ይገባል። «አለህ ወይ አንተ?» ይላል። ጢሞቲዎስ የት ሊሄድ! ግን ያቺን ጥያቄ ሳይሰማ የዋለ ቀን እንደዋለ አይቆጥረውም።

ሁለቱ አንድ የኳስ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ይኸነው ሲጫወት ደግሞ አፉ አያርፍም። የማሽኑ ኳስ የራሱ የሆነ፣ በእንግሊዝኛ የሚለፈልፍ ፈረንጅ አለው። ያንን ፈረንጅ ጢሞቲዎስ ይኸነው በመጣ ሰሞን አፉን ዘግቶታል፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ ተገላገለ። ይኸነው እያለ ማን ሊሰማው? ይኸነው ተጫዋቾቹን ሁሉ በአገር ስም ይጠራቸዋል። ፈጣኑ አጥቂ ሽባባው ነው፤ ግብ ጠባቂው ሀብቱ ነው፤ ሀብቱ ሁልጊዜ እንቅልፍ አለበት። አማርኛውን ከአዊኛ እያደባለቀ «ሽባባው ልጓም በጠሰ! ያዙልን እንጂ፣ የሰው ገብስ ውስጥ ገባ!» ሲል አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ጢሞቲዎስም ይስቃል። በቀን ውስጥ የሚስቀው ያኔ ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ፤ በዚያ ቤት የኳስ ድምፅ ማለት የይኸነው ድምፅ ሆነ፤ ማሽኑ የራሱ ድምፅ እንዳለው ባለቤቱም ረሳው።

ይኸነው አንገቱ ላይ እንቅርት ነበረበት። በእኛ አገር ብርቅ ነገር ስላልሆነ ልብ ያለውም የለ። በ2009 ዓ.ም. ግን አደገና ትንፋሹን ይዘጋው ጀመር። ባሕር ዳር ሄዶ ታየ። ሐኪሙ መውጣት አለበት አለው፤ የድምፅ ነርቭ በዚያው ስለሚያልፍ ድምፁ እንደ ድሮው ላይመለስ እንደሚችልም አልደበቀውም። ይኸነው ይህን ሁሉ ጌም ቤቱ መጥቶ በቀልድ አወራው። «ለሌላው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው የሚመጣበት፤ ለእኔ በእንቅርት ላይ ዲዳነት መጣልኝ» አለ። ሰው ሳቀ። ጢሞቲዎስ አልሳቀም። ፈራ። ያ ድምፅ ከጠፋ በዚያች ክፍል ውስጥ ምን ይቀረዋል? ቴሌቪዥኑና አልጋው።

ስለዚህ አንድ ነገር ቆረጠ፤ ይኸነው ከመሄዱ በፊት አንድ ጨዋታ፣ ከነድምፁ፣ ቀድቶ ሊያስቀር።

ጎረቤቱ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያላት ሃና ነበረች። ነገሩን ሲያጫውታት በስልክሽ ቅጂው ብሎ የሚለምናት መስሏት ስልኳን አወጣች። አይሆንም አለ። እውነት አለው ደግሞ፤ ሰውየው «ገብስ ውስጥ ገባ» ብሎ ሲጮህ የገባውን ካላዩት ምኑ ያስቃል? ቴሌቪዥኑን በስልክ ማንሳቱንም ሞከሩት፤ መስታወቱ እየተንቦገቦገ የሰው ጀርባና የበሩን ብርሃን ብቻ አሳያቸው። ሃና ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ የጌም ምስል ከማሽኑ ላይ ቀጥታ ወደ ኮምፒውተር የሚቀዳ ዕቃ እንዳለ አገኘች። ካፕቸር ካርድ ይሉታል፤ በየአገሩ ጌም እየተጫወቱ ለዓለም የሚያሳዩት ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው።

ከዚያ በኋላ ጢሞቲዎስ ሌላ ሰው ሆነ። ያ ዝምተኛ ሰው ሃናን በጥያቄ አሰለቻት። አንደኛው ዓይነት ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ሽቦ የሚሰካበት ትንሽ ነገር ነው፤ ርካሽ ነው፣ ምስሉ ግን ጭጋግ የወረደበት ዘንገና ሐይቅ ይመስላል። ሌላው በኤችዲኤምአይ ሽቦ የሚቀበል ሳጥን ነው፤ ምስሉ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ። ይህኛው ምስሉን ለቴሌቪዥኑም ለኮምፒውተሩም በአንድ ጊዜ ያካፍላል፤ ካልሆነማ ምስሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዘግይቶ ይደርስና ተጫዋች አዝራሩን ሲጫን ኳሱ ቆይቶ ይመታል፤ ጠብ ይነሳል። የሃና ኮምፒውተር ደግሞ አሮጌ ስለሆነች ሥራውን ራሱ ሠርቶ የሚያቀብላት ሳጥን ያስፈልጋታል። ይህን ሁሉ አጠና። ስለ ምስል ያላጠናው ነገር የለም። ስለ ድምፅ አንድም ቀን አልጠየቀም። ምን ብሎ ይጠይቃል? ድምፁ እኮ ከጎኑ የተቀመጠው ይኸነው ነው፤ የሰርግ ካሜራ ደጋሹንም አጃቢውንም ከነድምፃቸው ይዞ እንደሚሄድ ይሄም እንደዚያው መሰለው።

ባሕር ዳር ወርዶ ዕቃው የሚሸጥበት ሱቅ አገኘ። ሻጩ ሁለት ሳጥን አወጣለት። አንደኛዋ ምስሏ ደከም ያለ ነው፤ ግን የማይክ መሰኪያ አላት። ሁለተኛዋ ጥቁር፣ ምስሏ የጠራ፤ መሰኪያ የላትም። ሻጩ ደግ ሰው ነበረና ማይኩ አይቀርብህም ወይ ብሎ ጠየቀው። ጢሞቲዎስ ፈገግ አለ። «ማይክ ምን ያደርግልኛል? እኔ ዘማሪ አይደለሁ» አለው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ወደው አይደለም! ጥቁሯን ሳጥን እቅፍ አድርጎ ተመለሰ።

ይኸነው ለቀዶ ጥገናው ሊሄድ፣ በዋዜማው፣ ቤቱ ሞላ። ሃና ኮምፒውተሯን አምጥታ ሽቦውን አገናኘች፤ ድምፅ ማጉያዋን ቢሮዋ ትታዋለች። ይኸነው አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ ተቀመጠ። እንዲያ ሲናገር ሰምተነው አናውቅም ይላሉ የነበሩት። ሽባባውን በፈረስ አስጋለበው፤ ሀብቱን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ መልሶ አስተኛው፤ ተከላካዮቹን ድንች ቆፋሪ አድርጎ በደቦ አሰለፋቸው። መጨረሻ ላይ ጢሞቲዎስ ሲያገባበት፣ ራሱ እየተሸነፈ፣ የባለ ድሉን ስም እየጠራ «ጢሞቲዎስ የዳንግላው! ሰው የለውም ያላችሁት፣ ይኸው አገር ቆሞለት!» አለ። አግዳሚው ሙሉ ሰው ብድግ አለ። ጢሞቲዎስ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ወደ ሽቦው ጎንበስ ብሎ የሚያስተካክል መሰለ።

ሃና ቅጂውን ዘግታ እንደጨረሰች መብራት ጠፋ። ይኸነው በማግስቱ ከእህቱ ጋር በሚኒባስ ሄደ። መብራቱ የመጣው ቀዶ ጥገናው በተደረገ ቀን ነው። ጢሞቲዎስ ያኔውኑ ሃና ቢሮ ሮጠ፤ ከፈተችለት። ምስሉ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሣሩ እንኳን ይቆጠራል። ሽባባው ሮጠ። ከዚያ አንድ ፈረንጅ መናገር ጀመረ።

ጢሞቲዎስ መጀመሪያ አልገባውም። ይኸ ማነው አላት። ሃና ወደ ፊት አሳለፈችው፣ ወደ ኋላ መለሰችው፤ ያው ፈረንጅ፣ ያው የስታዲየም ጩኸት። ዕቃው በሽቦ የሚያልፈውን ብቻ ነው የሚቀዳው፤ ሰው ደግሞ በሽቦ አያልፍም። ለዓመታት አፉ ተዘግቶ የኖረው ፈረንጅ ያን ቀን ብቻውን ሲያወራ ነበር። ሃና ይቅርታ ልትለው ስትል እሱ ተነስቶ ወጣ። ጌም ቤቱን ዘግቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ ያለቀሰውን ያየ የለም፤ በበሩ ያለፈ ግን ሰምቷል።

ይኸነው ዳነ። ሐኪሙ የፈራው ግን ደረሰ፤ ድምፁ ሄዶ ሹክሹክታ ቀረ። ባጃጅ ነጂ ደግሞ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ብሎ ካልተጣራ ምን ይበላል? ባጃጁን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ጥርባ እህቱ ዘንድ ገባ። ስልክ ሲደወልለት አያነሳም። ጢሞቲዎስ አመሻሽ ላይ የበሩን ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀና ይላል፤ ሌላ ሰው ነው።

አንድ የገበያ ቀን ቀና ቢል ራሱ ይኸነው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ «አለህ ወይ አንተ» ማለቱ ነው። ጢሞቲዎስ አቀፈው። ይኸነው ጆሮው ሥር ተጠግቶ የመጣበትን ተናገረ። ያቺን የቀዳሃትን ክፈትልኝ አለው፤ ድምፄ እየጠፋብኝ ነው፣ በሕልሜም በሹክሹክታ ሆኗል የማወራው፤ አንዴ ልስማው።

ሃና ኮምፒውተሯን አመጣች። ጢሞቲዎስ ጨዋታውን ከፈተና ፈረንጁን አፉን ዘጋው። ሽባባው ሣሩ ላይ ዝም ብሎ ሮጠ። ይኸነው ጠበቀ፤ ዞር ብሎ አየው።

«የለም» አለ ጢሞቲዎስ። «የማሽኑን ብቻ ነው የቀዳው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ማይክ ያለውን ልስጥህ ቢለኝ እንቢ አልኩ።»

ይኸነው ተጠግቶ ሹክ አለ።

«አንተስ? አንተ አልሰማኸኝም ነበር?»

ጢሞቲዎስ ጨዋታውን ወደ መጀመሪያው መለሰው። ጉሮሮውን ጠረገ። «ሽባባው ከግጦሹ ወጣ» አለ። «የሚጠብቀው የለም፣ ጌታው ጠላ ቤት ነው...» አግዳሚው ላይ ያሉት ዞረው አዩት፤ ያ ሰውዬ እንዲህ ሲናገር ሰምተውት አያውቁም። እሱ ቀጠለ። አንዲት ቃል አላስቀረም። ፈረሱን፣ ደቦውን፣ የሀብቱን እንቅልፍ፤ እሱ አዊኛ አይችልም፣ አዊኛውን እንኳ ትርጉሙን ሳያውቅ እንደሰማው ተናገረው። ይኸነው ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አብሮት ያንቀሳቅሳል። መጨረሻው ግብ ላይ ሲደርስ ጢሞቲዎስ ንግግሩን አቆመ። የገዛ ስሙን አልጠራ አለ። ይኸነው ያኔ ዓይኑን ገልጦ፣ በዚያ በተበጣጠሰ ትንፋሹ፣ ለሁለቱ ብቻ በሚሰማ ሹክሹክታ ጨረሰለት። «ጢሞቲዎስ የዳንግላው። ሰው የለውም ያላችሁት።»

ይኸነው በመጨረሻው መኪና ወደ ጥርባ ሄደ። ሲሄድ ጀርባውን መታ መታ አደረገው፤ መቼ እንደሚመለስ አልተናገረም።

በማግስቱ አግዳሚው ላይ ያሉት ጢሞቲዎስን ያዙት፤ የትናንቱን ድገምልን፣ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ተናገርልን ብለው ለመኑት። እሱ የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ አንስቶ የፈረንጁን ድምፅ ከፈተላቸው።

«እኔ የማውቀው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው» አለና ወደ ቦታው ተመለሰ።