ቢላዋ ይዤ የሮጥኩ ዕለት

ውርጭ በመጣ ቁጥር ቀኝ ትከሻዬ ይጠዘጥዘኛል። ያን ጊዜ ሳልወድ ያ ቀን ትዝ ይለኛል። የሆነው ባለፈው ዓመት በጋ፣ በፎንቆ የገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። የሰፈሬ ሰዎች ሲያነሱት የሚያወሩት ስለ ሴትዮዋ መትረፍ ነው። እኔ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ፣ ቢላዋ ይዤ ስሮጥ ሰዎቹ ያዩኝ አስተያየት ነው።

ቤታችን ከፎንቆ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ታናሽ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ወዲህ የእሱም ማሳ፣ የእሱም ከብት እኔ ላይ ወድቋል። አባታችን እግሩ አልታዘዝ ካለው ቆይቷል። ማንሳትና ማጠብ የእኔ ነው፤ ማብላት የባለቤቴ የአስቴር። ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ፣ ማታ ስተኛ ግን ያልሠራሁት ነው የሚታየኝ። አላማርርም፤ ሌላውም ሰው እንዲሁ ነው የሚኖረው። ግን ደክሞኛል። በዚያ በጋ በተለይ ደክሞኝ ነበር።

የእኛ ሥራ ያለ ቢላዋ አይሆንም። ኪሴ ውስጥ ትንሽ ሰንጢ አለች፤ የጆንያ ሲባጎ ለመበጠስ፣ እሾህ ለማውጣት፣ ሸንኮራ ለመላጥ። ለከባዱ ሥራ ደግሞ ወገቤ ላይ በቆዳ አፎት የማንጠለጥለው ቢላዋ አለኝ። ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራው ነው፤ እጀታው ወይራ ነው። የእንሰት ቅጠል የምቆርጠው፣ ለዘር የሚሆን ድንች የምሰነጥቀው፣ ከብት ገመድ ሲተበተብበት ቆርጬ የማላቅቀው በእሱ ነው። ከተማ ስሄድ ቤት አስቀምጬው እሄዳለሁ። በዚህ ዘመን ወገቡ ላይ ቢላዋ ያለበትን ሰው ማንም በጎ አያስብለትም።

በዚያ ቀን ሣሩ ሁሉ ደርቆ ስለነበር ለከብቶቹ የእንሰት ቅጠል እቆርጥ ነበር። ያለሁት በወንድሜ ማሳ ውስጥ ነው፤ ከመንገዱ የሚለየኝ አጥር ብቻ ነው። ከገበያ የሚመለስ ሞተር ሲመጣ ሰማሁ። ቀጥሎ የሴት ጩኸት ሰማሁ። ጩኸቱ ግን ገና ሲጀመር ቀጥ አለ፤ ሰው አፏን በእጁ የዘጋባት ይመስል ነበር። ከዚያ ሞተሩ ሲወድቅ ተሰማኝ።

አጥሩን ዘልዬ ወጣሁ። ሴትዮዋ መንገዱ ላይ በጀርባዋ ተዘርራለች። አንገቷ ላይ የጠመጠመችው ሻርፕ ጫፉ የሞተሩ የኋላ ጎማ ውስጥ ገብቶ ሰንሰለቱ ላይ ተጠቅልሏል። ጭንቅላቷን ስቦ ጎማው ሥር አድርሶታል። ፊቷ ጠቁሯል፣ ዓይኗ ፈጥጧል፣ ተረከዟ መሬቱን ይደበድባል። ሞተረኛው ሻርፑን በሁለት እጁ ይጎትታል። በጎተተው ቁጥር የባሰ ያንቃታል፤ እሱ ግን አላስተዋለም።

ሮጥኩ። ቢላዋው እጄ ላይ መሆኑን ልብ አላልኩም። ከጠዋት ጀምሮ ይዤው ስለዋልኩ ረስቼዋለሁ።

ሞተረኛው ቀና ሲል አየኝ። ሻርፑን ለቀቀና ወደ ኋላ ሸሸ።

"የፈለግከውን ውሰድ፤ እኔን ተወኝ" አለኝ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ።

ልመልስለት ፈለግሁ። አማርኛ ትምህርት ቤት የተማርኩት፣ ገበያ የምነጋገርበት ቋንቋ ነው፤ ያን ሰዓት ግን አንዲት ቃል አልመጣልኝም። በሃዲይኛ "ጨርቁን ልቁረጥላት" እያልኩ እጮሃለሁ። እሱ ደግሞ የዱራሜ ሰው፣ ከምባትኛ ተናጋሪ ነው፤ አልገባውም። ትቼው አጠገቧ ተንበረከክሁ። ሻርፑን በግራ እጄ ይዤ ቢላዋውን አስጠጋሁ።

ያን ጊዜ ትከሻዬ ላይ አንድ ከባድ ነገር አረፈ።

ድንች የጫነ አይሱዙ ከኋላችን መጥቶ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ከጋቢናው ሆኖ ያየው ይህን ነው፤ ሞተር ወድቋል፣ አንድ ሰው እጁን አንስቶ ይሸሻል፣ ሌላው ሰው ሴት ላይ ተንበርክኮ ቢላዋ ወደ አንገቷ ሰዷል። የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ወርዶ መታኝ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እመታ ነበር። ይህን ግን አሁን ነው የምለው። ያን ጊዜ ያሰብኩት "በቃ፣ ሞተች" ብዬ ብቻ ነው።

ቢላዋው ወደቀ። ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሾፌሩ ኮሌታዬን አንቆ ወደ መንገዱ ዳር ጎተተኝ። ሞተረኛው ከዚያ ማዶ "ያዘው፣ እንዳይነሳ" ይላል። ሁለቱም የሚያዩት እኔን ነው። እሷን የሚያያት አልነበረም። እኔ ከወደቅሁበት አያታለሁ፤ ተረከዟ መሬቱን መደብደብ እየተወ ነበር።

በዚህ መሃል ከገበያ በእግሯ የምትመለስ አንዲት ጎልማሳ ሴት ደረሰች። ጀርባዋ ላይ ያለውን ሸክም መሬት ላይ አወረደች። የወደቀችውን አየች፣ ጎማውን አየች፣ ቢላዋውን አየች። ጎንበስ ብላ አነሳችው።

"ልቀቀው" አለችው ሾፌሩን በአማርኛ። "የሚያንቃት ጨርቁ ነው እኮ። ሰውዬው ሊቆርጥላት ነው የመጣው።"

ሾፌሩ ዞሮ አየ። እጁ ከኮሌታዬ ላይ ወረደ።

ከገበያ የመጣችው ሴት ልትቆርጥ ሞከረች፤ ሻርፑ ግን የወደቀችዋ አንገት ውስጥ ሰርጎ ስለት የሚገባበት ቦታ አልነበረም። በሃዲይኛ "አንገቷን እቆርጣታለሁ ብዬ ፈራሁ፣ ምን ላድርግ?" አለችኝ። በደረቴ እየተሳብኩ ሄድኩ። የግራ እጄን ሁለት ጣቶች በጨርቁና በአንገቷ መካከል እንደምንም ሰደድኩ።

"በጣቴ ላይ አድርገሽ ቁረጪ" አልኳት።

"ጣትህስ?"

"ቁረጪ፣ እህቴ።"

ቆረጠች። ጨርቁ ተበጠሰ፤ ጣቴንም አገኘው። የወደቀችዋ ጭንቅላት ተፈትቶ መሬት ላይ አረፈ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። አራታችንም ፊቷን እናያለን። ከዚያ ከጉሮሮዋ፣ ጠፍቶ የቆየ ውሃ ሊመጣ ሲል ቧንቧ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ ወጣ። ሳለች። እንደገና ሳለች። ተነፈሰች።

ሞተረኛው መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ያቺ ከገበያ የመጣችው ሴት ከሻርፑ ቁራጭ ቀዳ ጣቴን አሰረችልኝ። ቢላዋውን በደረቅ ሣር ጠርጋ በእጀታው በኩል አቀበለችኝ። "በሉ ሐኪም ቤት አድርሷቸው። እኔም ላሜ ትጠብቀኛለች" አለችና ሸክሟን አንስታ መንገዷን ቀጠለች። ስሟን አልጠየቅኋትም። ከማን ቤት እንደሆነች አልጠየቅኋትም። ትከሻዬ እሳት ሆኖ ስለነበር መልኳን እንኳ በደንብ አልያዝኩትም።

ሾፌሩ ደረጀ ይባላል። ብረቱን እንደያዘ የመኪናው መወጣጫ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ወንድሜ፣ እኔ ቢላዋውን ብቻ ነው ያየሁት" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት። መቆጣት ነበረብኝ መሰለኝ። ለመቆጣትም ግን አቅም ይጠይቃል።

ወደ ሆሳዕና የወሰደን እሱ ነው፤ ሞተረኛው ከሞተሩ ጋር እዚያው ቀረ። ሴትዮዋን፣ ስሟን በኋላ እንደሰማሁት ታደለችን፣ መሃላችን አስቀመጥናት። ድምፅ አልነበራትም። መንገዱን ሙሉ የሹራቤን እጅጌ ጨብጣ ሄደች። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር አጥንቴ ይንቋቋል። ደረጀ በጎን ያየኛል። "ያማል?" ይለኛል። "ያማል" እለዋለሁ።

ትከሻዬ ላይ ያለው አጥንት ተሰንጥቋል ተባልኩ። ክንዴን ከደረቴ ጋር አሰሩትና ከባድ ነገር እንዳታነሳ አሉኝ። ልስቅ ምንም አልቀረኝም፤ ከባድ ነገር ያልሆነ ሥራ የለኝምና። አንድ ፖሊስ መጥቶ የሆነውን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። "ታዲያ ትከሰዋለህ?" አለኝ። ደረጀ በሩ ጋ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

"እኔ ቤቴ መሄድ ነው የምፈልገው" አልኩት። "ከብቶቹ ዛሬ አልበሉም።"

ፖሊሱ ትንሽ አየኝና "ይማርህ" ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከዚያ ቀን የባሱ ነበሩ። ሥራው ሁሉ አስቴር ላይ ወደቀ። አባቴን ብቻዋን ማንሳት አትችልም፤ እኔ በአንድ እጄ ስደግፍ እሱ "ተዉኝ ልጆች፣ እዚሁ ልተኛ" ይለናል። ሰው ዓይኑ እያየ ሸክም መሆን ምን እንደሆነ ያን ሰሞን ገባኝ።

ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ ደወለ። ወሬውን ሰምቷል። "እዚህ ጥሩ የሚታጠፍ ሰንጢ አለ፣ ጠንካራ ነው፤ ሰው ሲመጣ ልላክልህ?" አለኝ። ደግ ነገር ማሰቡ ነው።

"ስለት አላጣሁም" አልኩት። "የሚይዘው እጅ ነው ያጣሁት።"

ወዲያው ባልተናገርኩ ብዬ ተጸጸትኩ። እሱም እኮ እዚያ ተኝቶ አይደለም የሚውለው።

ከዚያ አንድ ጠዋት አይሱዙው ደጃችን ቆመ። ደረጀ ወረደ። ጭነት አዲሎ ከተማ ሲያደርስ ማደሩ ነበር፤ ዓይኑ እንቅልፍ አላየም።

"ቢላዋው የት ነው?" አለኝ።

"ለምን?"

"ከብቶቹ ምን ይበላሉ?"

አስቴር አምጥታ ሰጠችው። ደረጀ የተወለደው ሆሳዕና ከተማ ነው፤ አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። በእርሻ ቆሞ አያውቅም። እንሰቱ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያያል። አንዱን ቅጠል ሲይዝ ከተቀመጥሁበት ጮህኩ።

"እሱን አይደለም። እሱ ልቡ ነው። ከዳር ያለውን፣ አሮጌውን።"

"ለእኔ ሁሉም አንድ ነው" አለኝ።

"ልቡን ከነካኸው እንሰቱ ይጎዳል። ስለቱንም ወደ ራስህ አትሳብ።"

ያላበውን ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ቀጠለ። ቀስ እያለ፣ እያበላሸ፣ እየጠየቀ ቆረጠ። ከብቶቹ ግን የቆራጩን ሙያ አይጠይቁም፤ በሉ። ከዚያ ገብቶ አባቴን በሁለት እጁ አንስቶ ፀሐይ ወዳለበት አወጣው። አባቴ ከተቀመጠ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

"ይሄ ማነው?"

"ትከሻዬን የመታኝ ሰውዬ ነው፣ አባ።"

አባቴ ደረጀን ከላይ እስከ ታች አየው። ደረጀ አንገቱን ደፋ። ቢላዋውን መልሶ አንስቶ ይዞት ነበር፤ የት እንደሚያስቀምጠው ያጣ ይመስላል።

"አስቴር" አለ አባቴ፣ "ለእንግዳው ቆጮና ጎመን አቅርቢ።"

"አመሰግናለሁ አባባ፣ ጾም ላይ ነኝ" አለ ደረጀ።

"እንግዲያው ጎመኑን ቅቤ እንዳይነካው" አለ አባቴ።

ደረጀ አጥንቴ እስኪገጥም ድረስ፣ ድንች ሊጭን በመጣ ቁጥር፣ ሳይቆም አላለፈም። ታደለችም ከባሏ ጋር መጥታ ጠየቀችኝ። ድምፅዋ እንደሻከረ ቀርቷል፤ አንገቷ ላይ ምንም አትጠመጥምም። ስትሄድ አስቴርን አቅፋ ቆየች።

አሁንም ሁለት ማሳ እሠራለሁ፤ አሁንም ደክሞኛል። ሰዎች "ነፍስ አዳንክ" ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ ግን ያን ያህል አያኮራኝም። ቢላዋውን አልፋ የሆነውን ለማየት የቆመችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷ ባትደርስ ኖሮ ዛሬ የማወራው ሌላ ነገር ነበር። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ትቼ አጥሩ ጋ እወጣለሁ። ሸክም ያዘሉ ሴቶች ያልፋሉ። የትኛዋ እንደሆነች ስለማላውቅ ለሁሉም ሰላም እላለሁ።